የበሬ ጂፒኤስ በሦስት ቀን ባትሪ ይጨርሳል፤ የቁጠባ ሞዱ የገባው ሰው አለ?

ጮቄ_ግርጌ | ግንቦት 6፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ጮቄ ግርጌ ነው የሚኖረው። አምና ክረምት አንድ በሬ ጠፋበት። ስድስት ቀን ተፈልጎ ገደል ውስጥ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። እኔ ደብረ ማርቆስ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ያን ቀን «አባባ፣ ለበሬዎችህ ጂፒኤስ እሠራልሃለሁ» ብዬ ፎከርኩ። መፎከሩ ቀላል ነበር።

የሠራሁት ይሄ ነው። የተለመደችው ሰማያዊ ኒዮ-6ኤም ሞጁል (ጂፒኤስ ተቀባይዋ)፣ አርዱዊኖ ናኖ (ሁሉን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ሲም800ኤል (በሞባይል ኔትወርክ የሚልከው)፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ አንድ 18650 ባትሪ። ባትሪውን ለክቼዋለሁ፤ 2,600 ሚሊአምፔር ሰዓት ይሰጣል። ሁሉንም ሳጥን ውስጥ አሽጌ በቆዳ ማሰሪያ በሬው አንገት ላይ አሰርኩት።

ለቁጠባ ብዬ በየ15 ደቂቃው ብቻ ነው ጂፒኤሱን በትራንዚስተር የማበራው። ሎኬሽን ሲይዝ በዳታ እልካለሁ፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩን ከሥሩ እቆርጠዋለሁ። ካልያዘ 5 ደቂቃ ሞክሮ ይተዋል። በስሌቴ ባትሪው ወር መክረም ነበረበት። በሦስተኛው ቀን ድርግም ይላል።

አባቴ በየሦስት ቀኑ በሬ እየነዳ ቻርጅ ሊያስደርግ ከተማ አይወጣም። ሞጁሉ የራሱ የቁጠባ ሞድ እንዳለው አንብቤያለሁ፣ ግን የትኛው ለምን እንደሆነ ተምታታብኝ። የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

---

ቃጭል_ይበቃል | ግንቦት 6፣ ማታ 3:05

ወንድሜ፣ ለበሬ ቃጭል ይበቃዋል። ቻርጅም አይፈልግ።

---

ጮቄ_ግርጌ | ግንቦት 6፣ ማታ 3:11

ቃጭል ነበረው እኮ። ገደል ውስጥ የተኛ በሬ ቃጭሉን አያቃጭልም።

---

ብየዳ_ባሕርዳር | ግንቦት 6፣ ማታ 4:30

ጮቄ፣ ነገሩ የተበላሸው «ከሥሩ እቆርጠዋለሁ» ያልከው ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሰው እዚያው ይወድቃል፣ እኔም ወድቄበታለሁ።

ጂፒኤስ ተቀባይ ሎኬሽን ለመያዝ የእያንዳንዱን ሳተላይት የጉዞ ዝርዝር ማወቅ አለበት። ኤፌመሪስ ይሉታል። ይህን ዝርዝር ሳተላይቱ ራሱ ነው ከ20,200 ኪሎ ሜትር ላይ የሚነግረው። የሚነግረው ግን በሴኮንድ 50 ቢት ነው። ሃምሳ! አንድ ዙር 30 ሴኮንድ ይፈጃል፣ ኤፌመሪሱ ከዚያ ውስጥ 18 ሴኮንድ ነው። ዳዊት እንደሚደግም መነኩሴ አስበው፤ አይቸኩልም፣ ወደ ኋላም አይመለስልህም። በመሀል ቅጠል ጋርዶህ አንድ ቁራጭ ካመለጠህ ዞሮ እስኪመጣ ትጠብቃለህ።

ይህ ዝርዝር አንዴ ከተያዘ ለ4 ሰዓት ያህል ያገለግላል። ሰዓትና ዝርዝር ያልጠፋበት ተቀባይ ሲነቃ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ሎኬሽን ይሰጥሃል። አንተ ግን በየ15 ደቂቃው ማስታወሻውን ታጠፋበታለህ። ትናንት የተማረውን በየሌሊቱ የሚረሳ የቆሎ ተማሪ አድርገኸዋል፤ በየጠዋቱ ከ«ሀ» ነው የሚጀምረው።

ሌላም አለ። ሳተላይት ከባዶ ፈልጎ ለማግኘትና ያገኙትን ላለመልቀቅ የሚያስፈልገው የሲግናል ጉልበት እኩል አይደለም። ኒዮ-6ኤም ላይ ልዩነቱ 14 ዴሲቤል ገደማ ነው፣ ማለትም ከ20 እጥፍ በላይ። ዛፍ ሥር የያዘውን ሳተላይት ይዞ መቀጠል የሚችል ሞጁል፣ እዚያው ዛፍ ሥር ከባዶ ጀምር ብትለው ላይሆንለት ይችላል።

ሞጁሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ባትሪ አለች አይደል? ማስታወሻውን የምትጠብቀው እሷ ናት። ለክተህ እያት። እኔ ከገዛኋቸው አምስት ሞጁሎች የሦስቱ ሞታ ነው የመጣችው።

---

ጮቄ_ግርጌ | ግንቦት 6፣ ማታ 4:52

0.4 ቮልት። ሞታለች።

---

መራዊ_ሰርኪት | ግንቦት 7፣ ጠዋት 1:15

ይሄን ሁሉ ከምትደክም ሞጁሉን ፓወር ሴቭ ሞድ ላይ አድርገውና ተወው። በሙሉ ኃይሉ 40 ሚሊአምፔር ገደማ የሚበላው ወደ 12 ይወርዳል። በየሴኮንዱ ሎኬሽን እየሰጠህ! እኔ ሞተር ሳይክል ላይ እንዲህ ነው የምጠቀመው።

---

ብየዳ_ባሕርዳር | ግንቦት 7፣ ጠዋት 2:20

መራዊ፣ ለሞተር ልክ ነህ። ለበሬ ግን እስቲ አስላው። 12 በ24 ሰዓት 288 ነው። ጂፒኤሱ ብቻውን ባትሪውን በ9 ቀን ይጨርሰዋል። በሬ ደግሞ በየሴኮንዱ ቦታ አይቀይርም።

ሞዶቹ ሁለት ናቸው፣ ሰው የሚያምታታው እሱን ነው። አንተ የምትለው ሳይክሊክ ትራኪንግ የሚባለው ነው። ተቀባዩ ሳተላይቶቹን አይለቅም፤ በየሴኮንዱ ትንሽ ቀና ብሎ ያያቸውና መልሶ ያንቀላፋል። ከ1 እስከ 10 ሴኮንድ ላለ ልዩነት የተሠራ ነው። ለሚንቀሳቀስ ነገር ግሩም ነው።

ሌላው ኦን/ኦፍ ነው። ሎኬሽን ይይዛል፣ ከዚያ ሰዓቱንና ማስታወሻውን ብቻ አስቀርቶ ጭልጥ ብሎ ይተኛል። በእንቅልፍ ላይ የሚበላው 22 ማይክሮአምፔር አካባቢ ነው፤ በቀን ግማሽ ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ከ10 ሴኮንድ በላይ ለሆነ ልዩነት ይሄ ነው። ሲስተካከል አንድ ነገር አትርሳ፤ ኤፌመሪሱ እንዳያረጅ በየመሀሉ ራሱ ነቅቶ እንዲያድስ የሚያደርግ ምርጫ አለው። እሱን አብራው።

ለጮቄ ሥራ ግን ሦስተኛውን መንገድ እመርጣለሁ። ትራንዚስተሩን አውጣው። ኤሌክትሪኩ እንዳለ ይሁን፣ አርዱዊኖው ከሞጁሉ ጋር በሚነጋገርበት ሽቦ (ሲሪያል መስመር) «ተኛ» የሚለውን ትዕዛዝ ይላክለት። ሲፈልግ በዚያው መስመር ማንኛውንም ባይት ቢልክለት ይነቃል። የመጀመሪያዎቹ ባይቶች ለመቀስቀሻ ስለሚባክኑ ቁም ነገሩን ትንሽ ቆይተህ ላክ። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቀን «ሞጁሉ አይሰማም» እያልኩ ተሳድቤያለሁ።

---

አይሱዙ_ደጀን | ግንቦት 7፣ ቀን 6:40

ክሩን ላበላሽባችሁ አይደለም፤ የስልክ ጥያቄ ስላለኝ ነው። መንገዴን በስልክ እመዘግባለሁ፣ ለነዳጅ ሒሳብ። በቀደም ከጎሃ ጽዮን ወርጄ ደጀን ስወጣ የአባይ በረሃን ጠመዝማዛ በሙሉ ትቶ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረልኝ። አባይን በክንፍ የተሻገርኩ ነው የሚያስመስለው። ኪሎ ሜትሩም ጎደለ፣ ባለንብረቱ ደግሞ «ነዳጁ የት ገባ» አለኝ። ይሄም ቁጠባ ነው የሚባለው?

---

ብየዳ_ባሕርዳር | ግንቦት 7፣ ቀን 7:10

ነው እንጂ። ባትሪ ሴቨር አብርተህ ስክሪኑን አጥፍተሃል አይደል? ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ባትሪ ሴቨር ሲበራ፣ ስክሪኑ ከጠፋ ሎኬሽን ሊቆም ይችላል። ላይ ስትነሳ አንድ ነጥብ፣ ስትደርስ ስክሪኑን ስታበራ ሌላ ነጥብ። መሀሉን መተግበሪያው በማስመሪያ ይገጥመዋል።

ስልኩን መኪናው ቻርጅ ላይ ሰክተህ ባትሪ ሴቨሩን አጥፋው። የምትቆጥበው ነገር የለም እኮ፣ ዲናሞው አለልህ። መተግበሪያውንም ከባትሪ ገደብ ነፃ አድርገው።

ለመራቀቅ ከፈለግህ፣ የስልክ ጂፒኤስ ቺፕም እንደ መራዊ ሞተር ከእያንዳንዱ ሴኮንድ የተወሰነውን እየተኛ ነው የሚሠራው። የገንቢ አማራጮች ውስጥ ያን እንቅልፍ የሚከለክል ማብሪያ አለ፤ ሙሉ የጂኤንኤስኤስ መለኪያ አስገድድ የሚል ዓይነት ነው። ላንተ ግን አያስፈልግህም።

---

አይሱዙ_ደጀን | ግንቦት 7፣ ቀን 7:14

እግዜር ይስጥልኝ። ለባለንብረቱ ይሄን አነብለታለሁ።

---

ቀያሿ | ግንቦት 7፣ ማታ 1:50

እኔም የምለው አለኝ፣ በዚሁ ቁጠባ የተጎዳሁ ነኝና።

የመሬት ልኬት ሥራ ላይ ነኝ። በእጅ የሚያዝ ኢትሬክስ 10 ነበር የተሰጠን፣ በሁለት ድንጋይ የሚሠራ። አንድ አለቃ ድንጋይ አለቀ እያለ ስለተማረረ የዱካ ምዝገባውን በየ10 ሴኮንድ አድርጉት ተባለ። አደረግን።

አሁን አስቡት። ሃምሳ በሃምሳ ሜትር የሆነ ማሳ ዙሪያውን በእግሬ እዞራለሁ። በሴኮንድ አንድ ሜትር ብራመድ ነጥቦቼ 10 ሜትር ይራራቃሉ። አንዱ ነጥብ ከማዕዘኑ 5 ሜትር በፊት፣ ቀጣዩ 5 ሜትር በኋላ ሲወድቅ ማዕዘኑ ይቆረጣል። በአንድ ማዕዘን 12 ካሬ ሜትር ተኩል። በአራት ማዕዘን 50። ከ2,500ው ሁለት ከመቶ ማለት ነው፣ የጂፒኤሱ የራሱ ስህተት ሳይጨመር። ሁለት ከመቶ ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ጎረቤታሞች በአንድ ክንድ ድንበር ስንት ዓመት በሚካሰሱበት አገር ግን «ይቺ ልጅ መሬቴን በላችው» ያሰኛል። አሰኝቶኛልም።

እዚያ መሣሪያ ላይ ባትሪ ቁጠባ የሚለው ስክሪኑን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ እሱ ምንም አይጎዳም። ዋስ/ኢግኖስ የሚለውንም አጥፉት። ኢግኖስ የአውሮፓ ማረሚያ ነው፣ እኛ የአገልግሎቱ ክልል ውስጥ የለንም፤ ተቀባዩ የማይረባ ነገር ሲያሳድድ ድንጋይ ይበላል። ከዚህ በተረፈ ማሳ ሲለካ ቁጠባ የሚባል ነገር የለም፣ ትርፍ ድንጋይ መያዝ ነው። ጮቄ ላይ ደግሞ ተራ አልካላይን ድንጋይ ብርዱ ያደክመዋል። ቻርጅ የሚደረገው ይሻላል።

---

ጋሽ_ዳሞት | ግንቦት 7፣ ማታ 2:35

ልጆች፣ ስለ ሞጁሉ አላውቅም፤ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ስለ በሬ ግን አውቃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ።

በሬው ሌሊት የት ነው የሚያድረው?

---

ጮቄ_ግርጌ | ግንቦት 7፣ ማታ 2:41

ጋጣ ነዋ ጋሼ። ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። ጣራው ቆርቆ

ኧረ በማርያም።

---

ብየዳ_ባሕርዳር | ግንቦት 7፣ ማታ 2:44

😂😂 ቆርቆሮ!

---

ጮቄ_ግርጌ | ግንቦት 7፣ ማታ 3:30

ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ ልሳም። መዝገቡን አሁን ገልብጬ አየሁት።

ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 48 ጊዜ ይነቃል። 48ቱም ጊዜ 5 ደቂቃ ሙሉ ፈልጎ ባዶ እጁን ይተኛል። በሌሊት 4 ሰዓት ሙሉ ቆርቆሮ ሥር ሳተላይት ይፈልጋል! ሲፈልግ የሚበላው 47 ሚሊአምፔር ነው። 188 ሚሊአምፔር ሰዓት በየሌሊቱ ለምንም። ቀን ላይ ከባዶ እየጀመረ ሌላ 60 ገደማ ይበላል። በሬው ደግሞ ጋጣ ውስጥ እያመነዠከ ነው።

---

ጋሽ_ዳሞት | ግንቦት 7፣ ማታ 3:42

ይባርክህ። እንግዲያው ሁለተኛ ጥያቄ። ሳጥኑ አንገቱ ላይ የት ጋ ነው ያለው? ማሰሪያ በበሬ አንገት ላይ ባሰርክበት አይቆይም። ከባዱ ነገር ወደ ታች፣ ወደ ጉሮሮው ሥር ዞሮ ይንጠለጠላል።

---

ብየዳ_ባሕርዳር | ግንቦት 7፣ ማታ 3:50

ጋሼ፣ እርስዎ ጡረታ መውጣት አልነበረብዎትም።

ጮቄ፣ ያቺ ካሬ ሴራሚክ አንቴና ፊቷ ሰማይ ማየት አለባት። ጉሮሮው ሥር ከተንጠለጠለች የምታየው ሣር ነው፤ ከላይዋ የበሬ አንገት አለ፣ የበሬ አንገት ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ባትሪውን ለይተህ ከታች ክብደት አድርገው፣ አንቴናዋን ከላይ አድርጋት። ባትሪው ራሱ ማሰሪያውን ቀጥ አድርጎ ይይዝልሃል።

ፕሮግራሙንም ቀይረው። ከምሽት እስከ ንጋት አይነሳ። ቀን ላይ 60 ሴኮንድ ፈልጎ ካጣ ይተው፣ ቆይቶ ይሞክር። አንዴ ያጣበት ቦታ ላይ ሙጭጭ ማለት ትርፉ ባትሪ መጨረስ ነው። የሞጁሉም ኦን/ኦፍ ሞድ እንዲሁ ነው የታሰበው፤ ለፍለጋ ገደብ፣ ካጣ በኋላ ለስንት ጊዜ እንደሚተኛ ደግሞ ለብቻው ቁጥር አለው።

---

ሰማይ_ጠገብ | ግንቦት 8፣ ቀን 5:20

ፊዚክስ ነው የማጠናው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ጎጃም ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ብዙም አይርቅም። በዚህ መስመር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ አዮኖስፌር የሚባለው የላይኛው ከባቢ አየር ይረበሻል፤ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም ሰሞን። የሳተላይቱ ሲግናል እንደ ኩራዝ ብልጭ ድርግም ይላል። ነቅቶ የሚከታተል ተቀባይ ይቋቋመዋል፤ እየተኛ የሚነሳው ግን በዚያ ሰዓት ሲነቃ ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ በሬው ሜዳ ላይ ቢያድር እንኳ የምሽቱን ሙከራ ማሳነስ ጥሩ ነው።

በነገራችን ላይ «ክረምት ደመና ስለሆነ ጂፒኤስ አይሠራም» የሚሉ አሉ። ደመናው ምንም አያደርገውም። የረጠበ ቅጠል ግን ያደርገዋል። ዝናብ የጠጣ ባሕር ዛፍ ሥር ቁሙና እዩት።

---

መራዊ_ሰርኪት | ግንቦት 8፣ ቀን 6:00

ሁላችሁም ጂፒኤሱን ከሰሳችሁት። ናኖውን የጠየቀው የለም። ናኖ ቦርድ ሥራ ፈትቶ 20 ሚሊአምፔር ይበላል፣ በቀን 480! ሌሊቱን ቆርቆሮ ሥር ከባከነው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሲም800ኤልም በየ15 ደቂቃው ኔትወርክ ፈልጎ ሲልክ በትንሹ 250 ይሄዳል። ደምሩት፣ ወደ 1,000 ይጠጋል። 2,600 ለ1,000 ሲካፈል ሁለት ቀን ተኩል። ይኸውላችሁ ሦስተኛው ቀን።

---

ብየዳ_ባሕርዳር | ግንቦት 8፣ ቀን 6:25

ተሸነፍኩ። መራዊ ልክ ነው። ጮቄ፣ ናኖውን ፕሮ ሚኒ በሚባለው ሌላ አርዱዊኖ ቀይረው፣ የመብራቷን ኤልኢዲ በብየዳ አንሳት፣ ፕሮሰሰሩን አስተኛው። መላኩንም በቀን 4 ጊዜ አድርገው፤ የተቀሩትን ሎኬሽኖች አከማችቶ አንድ ላይ ይላክ። ሎኬሽን መያዝና መላክ አንድ ላይ መሆን የለባቸውም።

---

ጮቄ_ግርጌ | ሰኔ 8፣ ማታ 3:00

ተመለስኩ። ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ፣ ግን ያላችሁኝን ሁሉ አድርጌያለሁ።

ፕሮ ሚኒ ገባ። ትራንዚስተሩ ወጣ፣ ሞጁሉ በትዕዛዝ ይተኛል። የሞተችውን ቁልፍ ባትሪ አልቀየርኳትም፤ ኤሌክትሪኩ ስለማይቋረጥ አላስፈለገችም። በየግማሽ ሰዓቱ ከንጋት እስከ ምሽት ብቻ ይነሳል። የ60 ሴኮንድ ገደብ አለው። የእንቅስቃሴ ሴንሰርም ጨመርኩ፤ በሬው ካልተነቃነቀ ጂፒኤሱ አይቀሰቀስም። አንቴናዋ ከላይ፣ ባትሪው ከታች።

ጠዋት ከጋጣ ሲወጣ የመጀመሪያው ሎኬሽን 40 ሴኮንድ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ 2፣ 3 ሴኮንድ ናቸው። ከታሰረ ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው። ባትሪው 3.9 ቮልት ላይ አለ።

አንድ ችግር ግን ገጠመኝ። ትናንት ጠዋት ስልኬን ባየው በሬው ለአራት ሰዓት አልተነቃነቀም። ደግሞ ገደል ገባ ብዬ ልቤ ቀጥ አለች። አባቴ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም። ጎረቤት ጋ ደወልኩ፣ የለም። ሞተር ተከራይቼ ልወጣ ስል አባቴ መልሶ ደወለ። «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አለኝ። «በሬው የታለ?» አልኩት። «እያረስኩበት ነዋ! ያቺ ነገርህ ከቀንበሩ ጋር እየተጋጨች አስቸገረችኝ፤ ፈትቼ አጥሩ ላይ ሰቅያታለሁ።»

---

ጋሽ_ዳሞት | ሰኔ 8፣ ማታ 3:20

ስለ ቀንበሩ ልጠይቅህ አስቤ ረስቼው ነበር።

---

ቃጭል_ይበቃል | ሰኔ 8፣ ማታ 3:26

ቃጭል ከቀንበር ጋር አይጣላም። ብቻ ፎቶውን ለጥፍልን፤ ለእናቴ ላም ልሠራላት ነው።

---

ጮቄ_ግርጌ | ሰኔ 8፣ ማታ 3:31

😂 ነገ ብርሃን ሲሆን አነሳዋለሁ። ለላም ከሆነ ማሰሪያውን በሦስት ጣት አሳጥረው።